«ማሳህ» ከማለት «ማሳችን» ወደ ማለት
በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በአንዲት አባል የቀረበ ንግግር



ከሂሳብ ሪፖርቱና ከምርጫው በፊት ጥቂት እንድናገር የሥራ አመራር ኮሚቴው ሲጠይቀኝ፣ «ርዕሱን አንቺው ምረጪ፤ ግን ቤታችን ይዘነው የምንሄደው ነገር ይኑረው» የሚል ማሳሰቢያ ተሰጥቶኛል። እኔ የታሪክ አስተማሪ ነኝ። ስለዚህ ከማውቀው ልነሳ።

ዘንድሮ፣ በ2026፣ የምንኖርበት አገር ነፃነቱን ያወጀበትን 250ኛ ዓመት ያከብራል። በየትምህርት ቤቱና በየቴሌቪዥኑ የጆርጅ ዋሽንግተን፣ የቶማስ ጀፈርሰንና የጆን አዳምስ ስም ሲነሳ ትሰማላችሁ። ልጆቻችንም ፈተና ላይ የሚጠየቁት እነዚህኑ ነው። እኔ ግን ዛሬ የማወራላችሁ ስለ አንድ ጄኔራል ወይም ፕሬዚዳንት አይደለም። ያንን የአብዮት ዘመን ከሃምሳ ዓመት በላይ ስላጠኑ አንዲት ምሁር ነው። ስማቸው ፕሮፌሰር ሜሪ ቤት ኖርተን ይባላል። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የአገራችንን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ።

ለምን እሳቸውን መረጥኩ? ሥራቸው ለእኛ ዓይነት ሴቶች በቀጥታ የሚናገር ነገር ስላለው ነው። ከአገር ለወጣ ሰው፣ ባል ለሞተባት፣ በማኅበር ተደራጅታ ብር ለምታዋጣ፣ የቤቷን ሂሳብ ለምታውቅም ለማታውቅም ሴት።

ፕሮፌሰር ኖርተን የተወለዱት በ1943 በሚሺጋን ግዛት፣ አን አርበር በምትባል ከተማ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተምረው ወደ ሃርቫርድ ሄዱ፤ ዶክትሬታቸውን በ1969 አገኙ። በዚያ ዘመን የአሜሪካን አብዮት የሚያጠና ሰው ሁሉ የሚሮጠው ወደ አሸናፊዎቹ ነበር። እሳቸው ግን ለመመረቂያ ጥናታቸው የመረጡት የተሸነፉትን ነው።

በአብዮቱ ጊዜ አሜሪካውያን ሁሉ በአንድ ልብ የተነሱ ይመስለናል። አልነበረም። ከእንግሊዝ ንጉሥ ጋር እንቆይ ያሉ ብዙ ሰዎች ነበሩ። ንብረታቸው ተወረሰ፣ ጎረቤት ፊት ነሳቸው፣ አንዳንዶቹ ተደበደቡ። በአስር ሺህ የሚቆጠሩት አገር ለቀው ወደ ካናዳ፣ ወደ ካሪቢያን ደሴቶችና ወደ እንግሊዝ ተሰደዱ። ኖርተን የተከተሏቸው ለንደን የገቡትን ነው። ጥናቱ በ1972 «ብሪታንያዊ አሜሪካውያን» በሚል መጽሐፍ ታተመ።

እነዚያ ስደተኞች ለንደን ውስጥ እንዴት እንደኖሩ ስትሰሙ ፈገግ ትላላችሁ። ከአንድ አካባቢ የመጡት ተፈላልገው በአንድ ሰፈር ይከራያሉ። በሳምንት አንድ ቀን ተሰብስበው አብረው ይበላሉ፤ ከአገር ቤት ደብዳቤ የደረሰው ለሌላው ያነብለታል። አመፁ በቅርቡ ይከሽፋል፣ እንመለሳለን ይላሉ። በዓመቱም ይህንኑ ይላሉ። የሚመለሱበት ቀን እየራቀ ሲሄድ፣ ያላቸው ብር እያለቀ ሲመጣ፣ መንግሥት የሚሰጣቸውን ድጎማ መጠበቅ ይጀምራሉ። ከእኛ መካከል በ1966 ዓ.ም. ከመጣው አብዮት በኋላ የወጡ እናቶች ይህን ታሪክ ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልጋቸውም።

ጦርነቱ በ1783 በስምምነት ሲያበቃ የእንግሊዝ መንግሥት ለእነዚህ ሰዎች ካሣ የሚከፍል ኮሚሽን አቋቋመ። ካሣ የሚፈልግ ሁሉ ማመልከቻ ይጽፋል፦ ምን ያህል መሬት ነበረኝ፣ ቤቴ ስንት ያወጣል፣ ምን ዓይነት ዕቃ ጠፋብኝ፣ ማን ብድር ነበረበት። ምስክርም ያቀርባል። ከሦስት ሺህ በላይ ሰዎች አመለከቱ፤ ወረቀቱም እስከ ዛሬ አለ። ወጣቷ ኖርተን ያንን የወረቀት ክምር ነበር ለዶክትሬታቸው ያገላበጡት።

በ1971 በኒውዮርክ ግዛት የሚገኘው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በታሪክ ክፍሉ ቀጠራቸው። በዚያ ክፍል ከተቀጠሩ ሴት መምህራን የመጀመሪያዋ እሳቸው ነበሩ። ጊዜው በአሜሪካ የሴቶች ንቅናቄ የተነሳበት ነበር። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚማሩ ወጣት ሴቶች «የተማርነው ታሪክ ውስጥ እኛ የት አለን?» ማለት ጀምረው ነበር።

ታሪክ ጸሐፊ አዲስ ነገር የሚያገኘው ሁልጊዜ አዲስ ወረቀት ስላገኘ ብቻ አይደለም። የቆየውን ወረቀት ሌላ ጥያቄ ስለጠየቀውም ነው። ኖርተን ያደረጉት ይህንን ነው። ቀድሞ ያነበቡትን የካሣ ማመልከቻ በአዲስ ዓይን አዩት። ከአመልካቾቹ ውስጥ 468ቱ ቤተሰባቸውን የሚመሩ ስደተኛ ሴቶች ነበሩ፤ የሚበዙት ባሎቻቸው የሞቱባቸው። እነዚህ ሴቶች ስለ ንብረታቸው ምን ያውቁ ነበር? በ1976 አንድ ጥናት አሳተሙ፤ ውጤቱም እስከ ዛሬ ይጠቀሳል።

ያገኙት ነገር ይህ ነው። ሴቶቹ ስለ ቤት ዕቃ ሲጽፉ አንድም ነገር አይቀራቸውም። የሸክላው ሳህን ስንት እንደነበር፣ ማንኪያው ከምን እንደተሠራ፣ አልጋው፣ መጋረጃው፣ ልብሱ፣ የወጥ ቤቱ ዕቃ አንድ በአንድ ተዘርዝሯል። መሬቱ ላይ ሲደርሱ ግን ብዕሩ ይቆማል። ስንት ሄክታር ነበር? አላውቅም። ስንት ያወጣል? ባለቤቴ ነው የሚያውቀው። ዕዳ ነበረበት? ሳይኖርበት አይቀርም። ገቢው በዓመት ስንት ነበር? አልነገረኝም። ቃል በቃል እየጠቀስኩ አይደለም፤ የብዙዎቹ መልስ ግን ከዚህ የራቀ አልነበረም። ወንዶቹ አመልካቾች በተራቸው መሬታቸውንና ሕንፃቸውን በዋጋ ዘርዝረው፣ የቤቱን ዕቃ ግን በጥቅሉ ያልፉት ነበር። አንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ ሁለቱ የሚያውቁት የየራሳቸውን ግማሽ ነው።

እኛ «ሴት ወደ ማጀት፣ ወንድ ወደ ችሎት» እንላለን። የእነሱም ሕግ ይህንኑ ይል ነበር። በእንግሊዝ ሕግ ሴት ካገባች በኋላ ንብረቷን የሚያስተዳድረው ባሏ ነው። በራሷ ስም ውል መዋዋል፣ መክሰስ፣ መሸጥ አትችልም። ባሏ ሲሞት በሕይወት እስካለች ድረስ ከመሬቱ ሲሶውን ትጠቀማለች። በዚህ ነገር የእኛ ሰሜን ይሻል ነበር፤ ሴት ልጅ ርስት ትወርስ ነበርና። ነገር ግን መብቱ መኖሩ አንድ ነገር ነው፤ የርስቱን ወሰን፣ የዳኛውን ደጅና የምስክሩን ስም ማወቅ ሌላ ነገር ነው።

ልብ በሉ፣ ኖርተን «እነዚህ ሴቶች ሞኞች ነበሩ» አላሉም። እንዲያውም ተቃራኒውን አሳይተዋል። ሱቅ የነበራቸው፣ በባላቸው ንግድ ውስጥ አብረው የሠሩ፣ ባላቸው ቀደም ብሎ ሞቶ ራሳቸው ሲያስተዳድሩ የቆዩ ሴቶች፣ ዕዳውንም ሀብቱንም እንደ ማንኛውም ነጋዴ ቆጥረው አቅርበዋል። ልዩነቱ የጭንቅላት ሳይሆን፣ ነገሩ ተነግሯቸው ወይም ሠርተውት የማወቅ ነው። ኮሚሽኑ ደግሞ የሚያየው ማስረጃ ነው። ያልተዘረዘረ ንብረት ካሣ አያስገኝም። ሴቲቱ አገሯን አጥታለች፣ ባሏን አጥታለች፤ ሦስተኛ ደግሞ «ምን ነበረሽ?» ስትባል መልስ አጣች።

ይህ ነገር ሩቅ መስሎ የታያችሁ ካላችሁ ወደ ቅርብ ላምጣው። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ የቤቱ ካርታ በማን ስም እንደነበረ እንኳ ያላወቁ እናቶች እንደነበሩ በዚህ አዳራሽ ያላችሁ ታስታውሳላችሁ። እዚህ አገርም ቢሆን፣ ይህ ማኅበር ባለቤታቸው ካረፈባቸው አባሎቻችን ጋር ለቅሶ ከተቀመጠ በኋላ የሚያደርገውን ታውቃላችሁ። ከአርባው በኋላ ፖስታ መክፈት ይመጣል። የማይታወቅ ባንክ ደብዳቤ ይልካል። የቤቱ ሞርጌጅ ስንት እንደቀረው የሚያውቅ ይጠፋል። የሕይወት ኢንሹራንስ ነበረው ወይስ አልነበረውም? አገር ቤት የተጀመረው ቤት በማን ስም ነው? ወንድሙ ያበደረው ነው ወይስ የተበደረው? ጠንካራ፣ ሁለት ሥራ ሠርታ ልጆች ያስተማረች ሴት፣ የራሷ ቤት ውስጥ እንግዳ ሆና ትቀመጣለች። እነዚያ የ1780ዎቹ ሴቶች ለንደን ኮሚሽን ፊት የቆሙት እንደዚሁ ነበር።

እህቶቼ፣ የኖርተን ታሪክ እዚህ ላይ ቢያበቃ የሐዘን ታሪክ ነበር። ግን አላበቃም። በ1980 «የነፃነት ሴት ልጆች» የሚል ትርጉም ያለው ትልቁን መጽሐፋቸውን አወጡ። በዚያው ዓመት ሊንዳ ከርበር የምትባል ሌላ ታሪክ ጸሐፊም ስለ አብዮቱ ዘመን ሴቶች መጽሐፍ አሳተመች። ከእነዚህ ሁለት መጻሕፍት በኋላ የአሜሪካን አብዮት ያለ ሴቶች መጻፍ አስቸጋሪ ሆነ።

ለዚህ መጽሐፍ ኖርተን የሰበሰቡት የሴቶችን ደብዳቤና የየቀን ማስታወሻ ነው። በየቤተ መጻሕፍቱ «የቤተሰብ ወረቀት» ተብሎ በሳጥን ተቀምጦ ማንም ያላየው። ሰው ወደዚያ ሳጥን የሚሄደው የባልየውን ደብዳቤ ፍለጋ ነበር፤ እሳቸው የሚስቲቱን ደብዳቤ አወጡ።

ከዚያ ውስጥ አንዷን ብቻ ልንገራችሁ። ሜሪ ባርትሌት ትባላለች። ባሏ ጆሳያ ባርትሌት የኒው ሃምፕሸር ሐኪም ነበር፤ የነፃነት አዋጁን ከፈረሙት አንዱ ነው። እሱ ለስብሰባ ፊላደልፊያ ሲሄድ እርሻው በእሷ እጅ ወደቀ። በመጀመሪያ ስትጽፍለት ስለ «እርሻህ» ነው የምታወራው። ሠራተኛ ስትቀጥር፣ ድርቆሽ ስታስከምር፣ ዘር ስታስዘራ ወራት አለፉ። ቆይቶ በደብዳቤዋ ላይ ቃሉ ተለወጠ፤ «እርሻችን» ሆነ። እሷ ራሷ ያስተዋለችው አይመስልም። ማንም አላወጀላትም። ሥራው ነው ቃሉን የለወጠው። በእኛ ቋንቋ ከ«ህ» ወደ «ችን»፣ የአንዲት ቃል ጭራ ናት። ኖርተን ግን አብዮት ቤት ውስጥ ሲገባ የሚሰማው ድምፅ ይህ መሆኑን አሳዩ። ሌሎች ሴቶችም ባሎቻቸው ለጦርነትና ለምክር ቤት በሄዱ ጊዜ እንዲሁ ሆኑ፤ የማያውቁትን የመሬት ዋጋና ዕዳ ሳይወዱ በግድ ተማሩ። ባሎቻቸውም መጀመሪያ ላይ ትእዛዝ ይጽፉ የነበሩት፣ ውለው አድረው «አንቺ እንደመሰለሽ አድርጊ» ወደ ማለት መጡ።

ሁለተኛው ምሳሌ ማኅበርን ይመለከታል፤ ስለዚህ ገንዘብ ያዣችን በደንብ ታድምጠኝ።

በ1780 የአሜሪካ ጦር ክፉኛ ተቸግሮ ነበር። ወታደሩ የሚለብሰው የለውም፤ መንግሥት የሚያትመው የወረቀት ብር ዋጋ አጥቷል። በዚያ ዓመት ሰኔ ውስጥ በፊላደልፊያ ኤስተር ሪድ የምትባል ሴት ለአሜሪካ ሴቶች የተጻፈ ጥሪ አሳተመች። ራሷ ለንደን ተወልዳ ያደገች፣ በትዳር ወደ አሜሪካ የመጣች ስደተኛ ናት። ሴቶቹ ከተማዋን በክፍል በክፍል ተከፋፍለው፣ ቡድን ቡድን ሆነው በየቤቱ በር እያንኳኩ ገንዘብ ሰበሰቡ። ትልቅ ቤት ያላት እመቤትም፣ የቤት ሠራተኛም ሰጡ። ከ1,600 በላይ ሰው አዋጣ። ያላማራቸውም ነበሩ፤ ለማኝ ይመስል የሰው በር እያንኳኩ ብለው ያሽሟጠጡ። ድምሩ ከ300,000 የወረቀት ዶላር በላይ ሆነ። ይህን ቁጥር ሰምታችሁ እንዳትደነግጡ፤ በጠንካራ ሳንቲም ሲመነዘር 7,500 ዶላር ገደማ ነበር። የብር ዋጋ መውደቅ የትናንት ነገር አይደለም።

አሁን ጭቅጭቁ መጣ። ኤስተር ሪድ ገንዘቡ ለእያንዳንዱ ወታደር በእጁ ሁለት ሁለት ጠንካራ ዶላር ሆኖ ይሰጠው አለች። መንግሥት ሊሰጠው ከሚገባው ቀለብና ልብስ ውጭ፣ የሴቶች ስጦታ መሆኑን ይወቅ አለች። ጄኔራል ዋሽንግተን እምቢ አሉ። ሳንቲም ከያዘ ይጠጣበታል፣ በወረቀት በሚከፈለው ደሞዝም ይከፋል ብለው ፈሩ፤ ሸሚዝ ይሁንልን አሉ። ደብዳቤ ተጻጻፉ። በመጨረሻ ሴቶቹ ተሸነፉ። ኤስተር በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ገና በ33 ዓመቷ ሞተች። ሥራውን የቤንጃሚን ፍራንክሊን ልጅ ሳራ ቤች ከጓደኞቿ ጋር ተረከበች፤ ጨርቅ ገዝተው፣ የስፌት ዋጋ ላለማውጣት ራሳቸው እየሰፉ ከ2,000 በላይ ሸሚዝ አስረከቡ።

ኖርተን ይህን ሲጽፉ ሁለቱንም ነገር ያዩታል። በአንድ በኩል ሴቶች ከጓዳቸው ወጥተው በአደባባይ ጉዳይ በራሳቸው ስም የተደራጁበት ቀን ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ሐሳብ ይዘው ወጥተው ወደ መርፌና ክር ነው የተመለሱት። እኔ ግን አንድ ነገር ሁልጊዜ ልቤን ይነካኛል። እያንዳንዱ ሸሚዝ ላይ የሰፋችው ሴት ስሟን ጽፋበት ነበር። አድርጉ የተባሉትን አደረጉ፤ ስማቸውን ግን አልተዉም።

እውነቱን ለመናገር፣ አብዮቱ ለሴቶች የሰጠው ጥቂት ነው። አቢጌል አዳምስ በመጋቢት 1776 ለባሏ ለጆን፣ አዲስ ሕግ ስታወጡ ሴቶችን እንዳትረሱ ብላ ስትጽፍለት እሱ በሳቅ ነበር ያለፈው። በኒው ጀርሲ ንብረት ያላቸው ያላገቡና ባል የሞተባቸው ሴቶች ድምፅ ሰጥተው ነበር፤ በ1807 ተከለከሉ። በአገሪቱ ሕገ መንግሥት የሴቶች ድምፅ የጸደቀው በ1920 ነው። ኖርተን ይህን አልደበቁም። የተለወጠው ሴቶች ስለ ራሳቸው ያላቸው ግምት ነው፤ ከዚያም የሴት ልጆች ትምህርት ነው አሉ። ከጦርነቱ በኋላ ለልጃገረዶች የሚሆኑ ትምህርት ቤቶች መከፈት ጀመሩ፤ የፊላደልፊያው በ1787 ተከፈተ። በባዶ እጅ የቀሩ እናቶች ሴት ልጆቻቸውን እንደ ራሳቸው እንዳይሆኑ ፈለጉ። ይህን ስሜት ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ጥቁሮቹስ? እኛን የሚመለከት ነውና ልዝለለው አልችልም። ኖርተን በ1973 ስለ ጥቁር ስደተኞች አንድ ጥናት አሳትመው ነበር። በጦርነቱ ጊዜ እንግሊዞች ከአመፀኛ ጌቶቻቸው ሸሽተው ለሚመጡ ባሪያዎች ነፃነት እንሰጣለን ብለው ነበር፤ ብዙዎች ሸሹ። ከእነሱ ጥቂቶች ለንደን ደርሰው እንደ ነጮቹ ለካሣ አመለከቱ። አብዛኞቹ ያገኙት ነገር የለም ወይም ትንሽ ነው። ባሪያ ምን ንብረት ሊኖረው ይችላል፣ ነፃነቱን ማግኘቱ መቼ አነሰው የሚል ነበር የኮሚሽኑ አመለካከት። በድህነት የወደቁ የለንደን ጥቁሮች በ1787 ወደ ሴራሊዮን ተላኩ። ማስረጃ መያዝ ብቻውን እንደማይበቃ፣ የሚሰማ ጆሮም እንደሚያስፈልግ ከዚህ እንማራለን። ግን ማመልከቻቸው ስለተጻፈ፣ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የሚሰማቸው ሰው አገኙ።

ፕሮፌሰር ኖርተን ከዚያ በኋላም አላረፉም። የአብዮቱ ዘመን ሴቶች ከየት እንደመጡ ለማወቅ ወደ ኋላ፣ ወደ 1600ዎቹ ተመልሰው ሌላ መጽሐፍ ጻፉ። ያ በ1996 የወጣው መጽሐፍ ለፑሊትዘር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩ ሆኖ ነበር። በ2002 በሴለም በጥንቆላ ስለተከሰሱት ሰዎች ጻፉ። በ2018 የአሜሪካ ታሪክ ጸሐፊዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነው አገለገሉ፤ በዚያው ዓመት ከኮርኔል ጡረታ ወጡ። ጡረታ ወጥተውስ? በ2020፣ ሰባዎቹን አጋምሰው፣ «1774» የሚል ሌላ መጽሐፍ አሳተሙ፤ ለዚያም የጆርጅ ዋሽንግተን ሽልማትን ተቀበሉ።

ይህ መጽሐፍ ወደ መጀመሪያው ጥያቄያቸው ይመልሰናል። በታኅሣሥ 1773 ቦስተን ላይ ሻይ ባሕር ውስጥ ከተጣለበት ቀን ጀምሮ በሚያዝያ 1775 የመጀመሪያው ጥይት እስከተተኮሰበት ድረስ ያሉትን አሥራ ስድስት ወራት ነው የሚተርከው። ውጤቱን አስቀድመን ስለምናውቅ፣ ሁሉም ሰው ወዴት እንደሚሄድ አውቆ የሄደ ይመስለናል። ኖርተን በዚያ ወቅት የነበረውን ክርክር፣ ጥርጣሬና ፍርሃት፣ የተሸናፊዎቹንም ድምፅ ጨምረው መለሱት። ሻዩን መጣል ትክክል አይደለም ያሉ፣ ይከፈልበት ያሉ፣ በሁለት ልብ የቆሙ ብዙ ነበሩ። በዚያው ዓመት በኤደንተን፣ ሰሜን ካሮላይና፣ 51 ሴቶች የእንግሊዝ ዕቃ አለመግዛትን የሚደግፍ ወረቀት ላይ ፈረሙ። ለንደን ውስጥ በሥዕል ተቀለደባቸው። ፊርማው ግን አለ።

እንግዲህ ከዚህ ረጅም የሥራ ዘመን ለእኛ የሚተርፈው ምንድን ነው? እኔ አንድ ነገር ብቻ ነው የምለው፦ ያላወቅነውን ማስመለስ አንችልም፤ ያልጻፍነውን ማንም አይጽፍልንም። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ስለዚህ ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የቤት ደብተር። እያንዳንዳችን አንድ ደብተር እንያዝ። የባንክ ሂሳብ የት የት እንዳለ፣ ቤቱ በማን ስም እንደሆነና ስንት ዕዳ እንዳለበት፣ ኢንሹራንሱ፣ ያበደርነውና የተበደርነው፣ እቁባችን፣ አገር ቤት ያለው ቦታና ካርታው በማን እጅ እንደሆነ። «እንዲህ ብጠይቅ ባለቤቴ አላመንሽኝም ይለኛል» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እንዲህ በሉት፦ የሁለታችንንም እንጻፍ፤ እኔ የማውቀውን አንተ አታውቅም፣ አንተ የምታውቀውን እኔ አላውቅም። እውነትም ነው። እናንተ ብትታመሙ የልጁን ክትባት፣ የአማቻችሁን መድኃኒት፣ ለማን ስንት እንደሚላክ የሚያውቅ ማን አለ? እነዚያ ለንደን የደረሱ ወንዶችም ሳህናቸውን መቁጠር አልቻሉም። መተማመን ማለት ሁለቱም ማወቅ ነው።

ሁለተኛ፣ የማኅበራችን ወረቀት። የመሥራቾቹ ስም ዝርዝር፣ የመጀመሪያዎቹ ቃለ ጉባኤዎች፣ የደረሰኝ ጥራዞች በየሰው ቤት በካርቶን ተቀምጠዋል። አንዷ ቤት ስትቀይር ይጣላሉ። ይሰብሰቡ፣ በየዓመተ ምሕረቱ ይደርደሩ፣ በስካነር ይገልበጡ። ማን ሞተበት ብለን ስንት አዋጣን፣ ማንን ሆስፒታል ጠየቅን፣ በምን ተጨቃጨቅን፤ ጭቅጭቁም ሳይቀር ይቀመጥ። ኤስተር ሪድ ከጄኔራሉ ጋር የተከራከረችበት ደብዳቤ ባይቀመጥ ኖሮ፣ ዛሬ የምናውቀው ሸሚዝ መስፋቷን ብቻ ነበር።

ሦስተኛ፣ የእናቶቻችን ቃል። ስለ 1966ቱ አብዮት ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ተማሪዎች ንቅናቄ፣ ስለ ድርጅቶቹ፣ ስለ መኮንኖቹ። እስር ቤት በር ላይ አገልግል ይዘው ስንቅ ያመላለሱት እናቶችና እህቶች ግን? ስንቁ አንድ ቀን «መልሺው» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ያወቁት? ልጃቸውን ደብቀው በሌሊት ያሻገሩት፣ ጌጣቸውን ሸጠው ቤት ያቆሙት? እነሱ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል። ስልክ ያልያዘች ልጅ የለችም። ወጣቶቻችን ሁለት ሁለት ሆነው ወደ እናቶች ይሂዱ፤ ቡና ይፈላ፣ ስልኩ ይቅዳ። ስለ ትልቅ ፖለቲካ አትጠይቁ። ያን ዕለት ምን አበሰሉ? ማን አበደራችሁ? ልጆቹን ማን ያዘላችሁ? ብላችሁ ጠይቁ። ታሪክ ጸሐፊ የሚራበው ይህን ነው። እናቶቼ፣ «የኔ ምን ታሪክ አለው» አትበሉ። ሜሪ ባርትሌትም ስለ ድርቆሽ ነበር የጻፈችው። ደግሞም ልብ የማይችለውን ለመናገር ማንም አይገደድም፤ እስከምትችሉት ብቻ ይበቃል።

ለመጀመሪያው ሥራ የደብተሩን ቅጽ በአማርኛ አዘጋጅቻለሁ፤ ከመውጫው አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ውሰዱ። ለሁለተኛው፣ ካርቶን ቤቷ ያለባት ሁሉ ለጸሐፊያችን ስሟን ትስጥ። ለሦስተኛው፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኔ ከወጣቶቹ ጋር ለመሥራት ፈቃደኛ ነኝ። የሚቀጥለው ጉባኤ ስንገናኝ ከሂሳብ ሪፖርቱ ጎን ስንት ደብተር እንደተሞላና የስንት እናት ቃል እንደተቀዳ የሚገልጽ ሪፖርት እንድንሰማ እጠይቃለሁ።

አሁን መድረኩን ለገንዘብ ያዣችን እለቃለሁ፤ ሂሳቡን ሁላችንም በደንብ እንከታተል።